ሽቦው በሆዱ የሚያልፍ ብስክሌት

ከላሊበላ የወጣሁበትን ማታ ሳስብ መጀመሪያ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ፈንታው ነው፤ እናቴ እንኳ አይደለችም። እናቴ የበሶዬን ቋጠሮ ስትፈታና ስትቋጥር አመሸች። ፈንታው ግን ደጃፋችን ላይ ቁጢጥ ብሎ ጫማዬን ይጠርግልኝ ነበር። ተው ስለው «የላስታን አፈር ይዘህ አውሮፕላን ልትወጣ ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ። ያ ጫማ ዛሬም አልጋዬ ሥር አለ። ላደርገውም ልጥለውም አልሆን ብሎኝ፣ ቤት በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይቀይራል።

ፈንታው ጓደኛዬም የሥራ ባልደረባዬም ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የሆላንድ ሰዎች የተራራ ብስክሌት ይዘው ይመጡና ከፍላቂት ተነስተው፣ በገብሱ ማሳ መሃል እየነዱ ላሊበላ ይገባሉ። እኛ ዕቃቸውን በመኪና ይዘን እንከተላለን፤ የፈነዳ ጎማ እንለጥፋለን፣ የተበጠሰ ካቴና እንቀጥላለን። ፒንሳና ካቻቢቴ ከያዘ ፈንታው የማይጠግነው ብስክሌት አልነበረም። እኔ ደግሞ ከእሱ የምበልጠው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት የድርጅቱ ባለቤት፣ ሄንድሪክ የሚባል ረጅም ሽማግሌ፣ አዲስ ዓይነት ብስክሌት አመጣ። በድሮዎቹ የማርሹና የፍሬኑ ሽቦ በውጭ በኩል ይታያል፤ ሲበጠስ ታወጣለህ፣ አዲሱን ትዘረጋለህ፣ አለቀ። በአዲሶቹ ግን ሽቦው ከመሪው በታች ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይገባና በቱቦው ሆድ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ከኋላ ጎማው አጠገብ ብቅ ይላል። መሃሉን ማንም አያየውም። ሄንድሪክ «ይኼን መማር አለባችሁ። ዘንድሮ አንዳችሁ ለሁለት ወር ሆላንድ ኑ፤ ከርሞ ሌላው ይመጣል» አለን።

ማን ይቅደም? ነአኩቶ ለአብ ወርደን አንድ ሽማግሌ ቄስ ዕጣ እንዲያወጡልን ለመንናቸው። እኔ ጠጠር ሰጠኋቸው፣ ፈንታው የገብስ ዘለላ። በጋቢያቸው ሥር አገላብጠው ሲያወጡ ገብሱ ወጣ። «የእግዜር ፈቃድ ነው፣ ተመራረቁ» አሉን፤ ተመራረቅን። ሽቅብ ወደ መንገዱ ስንወጣ ግን ፈንታው እርምጃውን ገታ። ሚስቱ አልማዝ ቀኗ ደርሶ ነበር።

«ሂድ አንተ፣ አራጌ» አለኝ። «እኔ ወላድ ትቼ የት እሄዳለሁ? ተምረህ ስትመጣ ታሳየኛለህ። ከርሞ እኔ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አልኩት።

ይህን እሺ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ ኤርፖርት ስደርስ እናቴ በሃይላንድ የሞላችልኝ የነአኩቶ ለአብ ጠበል ጉድ አፈላ። ፈታሿ ልጅ ከሻንጣዬ አውጥታ ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው እህቴ።»

«ፈሳሽ አያልፍም።»

«ጠበል እኮ ነው የምልሽ!»

«ጠበልም ፈሳሽ ነው ወንድሜ። ወይ ጠጣው ወይ ድፋው።»

ጠበል እንዴት ይደፋል? ቆሜ ሁለት ሊትሩን ጨለጥኩት። ያውም ጠግቤ ሽሮ በልቼ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣውን። ሌሊቱን ሙሉ ከአውሮፕላኑ ሽንት ቤት ደጃፍ አልጠፋሁም። አጠገቤ የተቀመጠችው ፈረንጅ በመጨረሻ የመተላለፊያውን ወንበር ለቀቀችልኝ። በጊዜው ከዚያ የበለጠ ኃጢአት የምሠራ አይመስለኝም ነበር።

ሆላንድን ያላያችሁ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? እግዜር በመዳፉ ደልድሎ የተዋት ትመስላለች። ዓይን ምንም ሳይከለክለው ይሄድና ይደክመዋል። ተራራ በሌለበት አገር የተራራ ብስክሌት በሽ በሽ ነው፤ ዳቦ ሊገዛ የሚሄደው ሁሉ ጭቃ ረግጦ በማያውቅ በዚያ ወፍራም ጎማ ይንሸራሸራል። ምሳቸው ቀዝቃዛ ዳቦ ከቀዝቃዛ አይብ ጋር ነው። ዝናቡ ደግሞ እንደኛ ዘንቦ አይጨርስም፤ ሲያካፋ ይውላል፣ ሲያካፋ ያድራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ድንጋይ አለመኖሩ ነው። ድንጋይ ላይ ተወልጄ፣ በድንጋይ ቤት አድጌ፣ ከድንጋይ በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለተሳለምኩ ለእኔ ይኼ ቀልድ ነው። የክፍሌ በር በነፋስ እየተላተመ ቢያስቸግረኝ ማስደገፊያ ድንጋይ ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩ፤ አንድም አጣሁ። ለሄንድሪክ ብነግረው መኪና አስነስቶ ሱቅ ወሰደኝና ድንጋይ ገዛልኝ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት!

ሥራውን ሄንድሪክ አሳምሮ አስተማረኝ። ምሥጢሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የድሮውን ሽቦ መዥርጠህ አታወጣም። መጀመሪያ እንደ ስፒል የቀጠነ የላስቲክ ቱቦ በሽቦው ላይ ታለብሳለህ። ከዚያ ሽቦውን ስትስብ ላስቲኩ መንገዱን ይዞ ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ በእሱ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ተሳስተህ መንገዱን ካጠፋህ ደግሞ ሽቦውን ከውጭ በማግኔት እየመራህ ታሳልፋለህ። «ይኸው ነው» አለ ሄንድሪክ፣ «አሁን ሄደህ ለፈንታው አስተምር።»

አልሄድኩም። ሰበብ አላበዛም። አብረውኝ የሚያስቀድሱ የአገር ልጆች «እግርህ አንዴ ከገባ ወዴት ትመለሳለህ?» አሉኝ፤ እኔም እንዲህ እስክባል ስጠብቅ እንደነበርኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። የመመለሻዬ ዕለት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደውን ባቡር ትቼ በተቃራኒው ተሳፈርኩ። ጥገኝነት ስጠይቅ ፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ በአስተርጓሚ አናገረኝ።

«ከላሊበላ ነህ?»

«አዎ።»

«እኔም ለገና በዓል ሄጄ ነበር። ሕዝቡ በጣም ደግ ነው።»

«ደግ ነው።»

«ታዲያ ከማን ነው የሸሸኸው?»

አስተርጓሚው መልሴን ጠበቀ፤ ሰውየውም ብዕሩን አንስቶ ጠበቀ። የሆነ ነገር ተንተባተብኩ። ሁለቴ እምቢ ተብዬ፣ ብዙ ተመላልሼ፣ በስተመጨረሻ የመኖሪያ ፈቃዱን አገኘሁ።

ፈቃዱን ከማግኘቴ በፊት ሄንድሪክ የስደተኞች መጠለያው ድረስ አንድ ቀን መጣ። እሱ ቤት የተውኩትን ወፍራም ጃኬት በፌስታል ይዞልኝ ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ጥሩ ነበር። «ፈንታው ኤምባሲ ሄዶ ነበር» አለኝ። «ኮት ተውሶ፣ ከላሊበላ አዲስ አበባ ድረስ። ካንተ ድርጅት በፊት የመጣው አልተመለሰም ብለው ከለከሉት። ከእንግዲህ ከዚያ ማንንም አልጋብዝም።» ጃኬቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠና ወጣ። የላስታ ብርድ የለመደው ገላዬ ያን ቀን በረደው።

ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላ አንድ ብስክሌት ጥገና ቤት ተቀጠርኩና ከአንዲት ባልቴት ክፍል ተከራየሁ። ሜቭራው ኮሪ ትባላለች፤ ሜቭራው በእነሱ ቋንቋ ወይዘሮ ማለት ነው። የገባሁ ዕለት ቡና ቀዳችልኝ፤ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ ዘረጋችልኝና አንድ አነሳሁ።

«ሌላ ትጨምራለህ?»

«አይ፣ በቃኝ» አልኩ እንደ ወግ ባሕሌ፤ በሞቴ እስክትለኝ እየጠበቅሁ። እሷ ግን ቆርቆሮውን ቀጭ አድርጋ ዘግታ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እነዚህ ሰዎች አይ ሲሏቸው እውነት ይመስላቸዋል ብዬ።

ሳቄ ሳያልቅ ፈንታው ትዝ አለኝ። እኛ አገር ሰው የደረሰውን ዕጣ ሂድበት ብሎ ሲሰጥህ አይሆንም ትላለህ። ይለምንሃል፤ በፍጹም ትላለህ። በሦስተኛው ከልቡ መሆኑን አውቀህ ትቀበላለህ፣ ወይም እሱ የልቡን አውጥቶ ይሄዳል። አልማዝ ዘመድ አላጣችም፤ የሚያርሷት እናቷ አጠገቧ ነበሩ። አንዴ አይሆንም ብዬው ቢሆን ፈንታው ይሄድ ነበር። እኔ በመጀመሪያው ቃል እሺ ብዬ ቆርቆሮውን ቀጭ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ የፈንታውን ስልክ ማንሳት አቃተኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ አፍጥጬ አየዋለሁ። እናቴ ዘንድ ስደውል ግን እንደ ዋዛ እጠይቃለሁ፤ «ፈንታውስ ደህና ነው?» እላለሁ።

«ደህና ነው፤ እንጨቴን የሚፈልጥልኝ እሱ አይደል? ክረምቱን ጣሪያዬን የመረገልኝስ? ምነው አትደውልለትም እንዴ አንተ ልጅ?» ትለኛለች። መስመሩ አስቸገረ ብዬ እዘጋለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ባለፈው መስከረም፣ ሥራ ቦታ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። የእናቴ ቁጥር ስለነበረ አነሳሁት።

«አራጌ! ፈንታው ነኝ። እንዳትዘጋው፣ ተቸግሬ ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ደህና ነህ?» አልኩት።

«ሰላምታውን በኋላ እናደርሰዋለን። የሄንድሪክ ሰዎች መጥተዋል። የአንዲቷ የማርሽ ሽቦ በነአኩቶ ለአብ ቁልቁለት ተበጠሰ። እኔም መዥርጬ አወጣሁትና አዲሱን ብሰድ፣ ብሰድ፣ አልወጣ አለኝ። ነገ ጧት ወደ ኩልመስክ ይነዳሉ። መሪያቸው፣ ካልቻልክ ከእንግዲህ ከአዲስ አበባ መካኒክ ይዘን እንመጣለን አለኝ። እኔ ያለዚህ ምን ሥራ አለኝ?»

ፎቶ ላክልኝ እንዳልለው በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱ ተዘግቷል። በድምፅ ብቻ ነው።

«ማግኔት አለህ?»

«ከየት አባቴ? ... ቆይ ቆይ። የደብሩ የተቃጠለ ድምፅ ማጉያ እኔ ጋ አለ፤ ሥራልን ብለው ሰጥተውኝ።»

«ፍታው። ከጀርባው ክብ ማግኔት አለው።»

«ቄሰ ገበዙ ምን ይሉኛል?»

«ለበጎ ሥራ ነው በላቸው።»

ካቻቢቴው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «ማግኔቱ ሽቦውን ሳበው?» አልኩት። «ሳበው! ነአኩቶ ለአብን፣ ሳበው!» አለ። የሽቦውን ጫፍ በጣም በትንሹ እንዲያጥፍ ነገርኩት። ከመሪው ሥር አስገብቶ ማግኔቱን ከውጭ በቱቦው ላይ ወደ ታች እንዲያስኬድ፣ ፔዳሉ ጋ ሲደርስ ቱቦዎቹ ስለሚገናኙ እንዳይቸኩል።

«ከገብርኤል ወደ መርቆሬዎስ የሚያስኬደውን የጨለማ ዋሻ አስታውስ» አልኩት። «ፈረንጆቹን ምን እንላቸው ነበር?»

«ግድግዳውን እንዳትለቁ።»

«ማግኔቱንም ከቱቦው እንዳትለቀው። ስልኩን ብስክሌቱ ላይ አስጠጋልኝ፣ ልስማው።»

አስጠጋው። ወገኖቼ፣ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ሽቦው ቱቦውን ውስጥ ለውስጥ ሲጭር፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲጭር ይሰማኛል። ከኋላ ደግሞ የአህያ ጩኸት አለ፤ ሴት ትጣራለች፣ አልማዝ ትሆናለች። አለቃዬ መጥቶ ምን ሆንክ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ፤ ፊቴን አዙሬ አሳለፍኩት። ሁለቴ ፔዳሉ ጋ ጠፋ፤ ሁለቴ መልሰን ጀመርን። በሦስተኛው ጭረቱ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ወጣ!» አለ ፈንታው። «ወጣ፣ አራጌ! ከጎማው አጠገብ ብቅ አለ!»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«አራጌ።»

«አቤት።»

«ሁለት ወር ተምረህ የምታመጣልኝ ይኼን ነበር?»

«ይኼን ነበር።»

«ይኼን ብቻ?»

«ይኼንኑ ነው፣ ፈንታው።»

«ታዲያ» አለ፣ «መቅረቱንስ ቀረህ፣ ሰው አገሩ ላይ አልቀመጥ ይለዋል። ይኼን በስልክ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ስንቱን ብስክሌት አልችለውም ብዬ መለስኩ እኮ።»

አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የዕጣው ነገር፣ የኤምባሲው፣ የእናቴ እንጨት። የወጣልኝ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ተው ተው» አለኝ ፈንታው። «ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም። ድንጋይ ተሸክመህ፣ ሽማግሌ ፊት ነው። እዚያ አገር ድንጋይ አለ?»

«ሱቅ ነው የሚሸጠው።»

በሳቅ ፈነዳ። «ይሸጣል? አልማዝ፣ ስሚ! ድንጋይ ይሸጣል ይላል!» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «የተገዛ ድንጋይ ለዕርቅ አይሆንም፣ ወንድማለም። አንተ ብቻ ና። ድንጋዩ ከእኔ።»

«እሺ» አልኩት።

ፓስፖርቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የጠረገልኝ ጫማም አልጋዬ ሥር። እሺ ካልኩ ዓመት ሞላኝ፤ ይኸው ክረምቱ እንደገና ወጣ።