ሳን ህዋን ላይ የደረስነው ለቅሶ

እማዬን ለሽርሽር መርከብ ላሳፍራት ያልኩት እኔ ነኝ። ልንሄድ ስንል ደሴ ያለችው፣ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ አረፈች። ምን ይደረግ? የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አያረዳም። ቶሮንቶ የምንኖርበት ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን ያሉ የአገራችን ሽማግሌዎች፣ «ሄዳችሁ ተመለሱ። እሁድ ማለዳ መጥተን እኛው እናረዳታለን፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ» አሉኝ። ስልኳን «ባህር ላይ አይሠራም» ብዬ ወሰድኩባት።

መርከቡ ሳን ህዋን የምትባል የደሴት ከተማ ሲቆም ወረድን። ስፔኖች የሠሩት አሮጌ ከተማ ነው፤ ጠባቡ መንገድ ሰማያዊ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቤቱ ሁሉ ቢጫና ሮዝ። እማዬ ሻሿን አጥብቃ፣ ከየበረንዳው የተንዠረገገውን አበባ እየነካካች፣ «እስቲ ይሄን የቶሮንቶ ብርድ ያሳድገው!» ትለኛለች። ያቺን ጠዋት እንዴት እንደምናፍቃት! ዛሬም ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ባቡር ስጠብቅ ትመጣብኛለች።

ጥግ ስንታጠፍ በሩ የተከፈተ ቤት አየን። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ደጅ ወንበር ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ፎቶና ሻማ ይታያል። እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ነይ እንጂ፣ መርከቡ ጥሎን ይሄዳል!» አልኳት።

«ለቅሶ ቤት ታልፎ ይኬዳል? ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት!»

ገብታ ተቀመጠች። እኔ በሀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዲት ሴትዮ ግን ምንም ሳትጠይቅ ጠጋ አለችላት። ያኔ እማዬ፣ «እህቴ! እናቴም አንቺ፣ አባቴም አንቺ!» ብላ ጮኸች። ክው አልኩ። ሴትዮዋ አቅፋት አብራት አለቀሰች።

ስንወጣ፣ «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ስልኬን ቀምተህ፣ እህቴን ባነሳሁ ቁጥር ቀና ብለህ ማየት ሲያቅትህ አወቅሁ። የወለድኩህ እኔ አይደለሁ? ደስ ይበላት ብለህ ስትሯሯጥ እንዴት ላልቅስብህ?» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። «ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ ታዲያ። እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ሊያረዱኝ መምጣታቸው አይቀርም፤ ድካማቸው ከንቱ አይቅር።»

እሁድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሲያረዷት፣ ገና እንደሰማ ሰው ጮኸች። «ተይ፣ በርቺ» እያሉ ከበቧት። እኔም የምታስመስል መስሎኝ፣ ለወጉ ያህል ደገፍኳት። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር።