ያልወጣ እርም

ሰው ከደጅ ሆኖ ስም ጠርቶ «አቤት» የሚል ድምፅ ሲመለስለት በሰማሁ ቁጥር፣ ሀዋሳ ያደግሁበት ቤት ከነብረት በሩ፣ ከነአቮካዶው ዛፍ፣ ቆርቆሮው ላይ እየተንጎማለሉ ከሚያንኳኩት አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ወፎች ጋር ይመጣብኛል። አባዬ የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ከባጃጁ ሳይወርድ ታላቅ ወንድሜን ብሩክንና እኔን በየስማችን ይጠራን ነበር፣ «አቤት» ካላልንም አይገባም ነበር። እማዬ «ሰፈሩን አደነቆርከው እኮ» ስትለው፣ ኮምፒውተሮችም የሚፈላለጉት እንዲሁ ነው ይላት ነበር፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው አለሁ ይላል።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ከቤት ሲያግደን ትምህርቱን በእኛ ይለማመድ ነበር። የኮምፒውተር መልእክት እንዳለ አይሄድም፤ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፎበት፣ አንዱ በቱላ ሰፈር፣ ሌላው በቡሹሎ ሰፈር እንደሚዞር ያህል ዞሮ፣ መድረሻው ላይ ተገጣጥሞ ይነበባል፣ የጎደለ ካለም እንደገና ይላክ ተብሎ ይጠየቃል። ብሩክ ያዛጋ ነበር፣ እኔ የአባቴ ልጅ ግን አንድም ቃል አያመልጠኝም ነበር። «ጠርተን መልስ ከጠፋስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ወይ ተጠሪው የለም፣ ወይ መንገዱ ተቆርጧል፤ እዚህ ተቀምጦ ግን የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም» አለኝ። ለፈተና የሚሆን ነገር መስሎኝ በቃሌ ያዝኩት።

መስከረም ላይ ብሩክ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ሳይመጣለት ቀረ፤ የመምህሩ ልጅ ወደቀ መባሉን አልቻለውም። መስቀል እንዳለፈ ለማናችንም ሳይናገር ከጓደኞቹ ጋር በሞያሌ አድርጎ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ጀመረ። ከናይሮቢ ደወለ፣ ቀጥሎ ስሟን ከማላስታውሳት ከተማ ደወለ፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ «እማዬ፣ ነገ በጀልባ እንሻገራለን፣ ጸልዪልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቁጥር ስንደውል አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ተናግራ ትዘጋብን ነበር። ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

የመጋቢት ሙቀት ሲመጣ፣ በፊተኛው ጀልባ የተሻገረ አንድ የቱላ ልጅ ለቤተሰቡ ደውሎ፣ እነብሩክ የተሳፈሩበት የኋለኛው ጀልባ ሲደርስ እንዳላየ ተናገረ። እማዬ ይህን እንደሰማች የዕድሩን ዳኛ አስጠርታ፣ «መርዶዬን ይንገሩኝና እርሜን ላውጣ» አለቻቸው። ሽማግሌው «ልጄ፣ ያየ ሰው በሌለበት መርዶ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አሏት። አባዬም ከእሳቸው ጋር ሆነ።

«መልስ መጥፋት ሞት አይደለም፤ ይህን እኮ ለተማሪዎቼ ሁሉ የማስተምረው ነው» አላት።

«እኔ ተማሪህ አይደለሁም» አለችው፤ «እናቱ ነኝ።»

ድንኳን ሳይጣል፣ ጥቁር ሳይለበስ ቀረ። በዚያ ክረምት እማዬን የማንም ለቅሶ አያመልጣትም ነበር፤ ቀርባ የማታውቀው ሰው ቢሞት እንኳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እኔን አስከትላ፣ ጭቃውን ተሻግራ ሄዳ፣ የሟቹ ልጆች ሳይቀሩ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ ታለቅስ ነበር። ጎረቤቶቻችን «ምን ዓይነት ሆደ ባሻ ናት» ይሉ ነበር፣ እኔ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ከንፈሯ የማንን ስም እንደሚጠራ አይ ነበር። ቤት ስንመለስ ፊቷን ታጥባ እራት ታቀርባለች፣ አባዬም የት ዋላችሁ ብሎ አይጠይቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር አባዬን ክፉኛ ተቀይሜው ነበር፤ ተስፋ ብሎ የሰጣት ነገር አንጀቷን ሲያሳርራት በዓይኔ እያየሁ እንዴት አልቀየመው።

እኔ አድጌ የእሱኑ ሙያ ያዝኩ፣ እሱም ጡረታ ወጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር በየሰዉ ስልክ ሲገባ መጀመሪያ ያላገጠበት አባዬ ነበር። «የስንቱን ሰው ጽሑፍ አንብቦ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል እንጂ አያውቅም፤ ሲናገር ግን እንደሚያውቅ ሰው ነው» ይለኝ ነበር። ባለፈው በጋ አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ብሄድ፣ በረንዳ ላይ ስልኩን ታቅፎ ተቀምጦ አገኘሁት። የብሩክን መንገድ፣ ወሩን፣ ጀልባውን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታ ሁሉ ጽፎ ያንኑ ያላገጠበትን ማሽን ጠይቆት፣ ማሽኑም ልጁ በሕይወት ላይኖር እንደሚችል፣ በጣም እንዳዘነም ጨምሮ መልሶለታል። አባዬ እማዬን ከጓዳ ጠርቶ፣ «ብሩክ ሞቷል፤ እርምሽን አውጪ» አላት።

«ማን አየው?» አለችው።

«ማንም አላየውም። ግምት ነው።»

«ግምትማ እኔም አላጣሁም ነበር።»

አባዬ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እማዬ ግን ስንት ዓመት የለመነችው ፈቃድ ተሰጥቷት አንዲት ዘለላ እንባ አልመጣላትም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን እያሻሸች «በቃ፣ በቃ በቃ» ትለው ነበር። የእሷ እንባ በየሰው ድንኳን አልቋል። ያኔ መልስ አጥተን ቤታችን ጨልሞ ነበር፣ ቢሆንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ሦስታችንም ብድግ እንል ነበር፤ ዛሬ የማሽኑ መልስ ጠያቂው ጠይቆ ሳይጨርስ ይደርሳል፣ እኛ ቤት ግን የሚጠብቅ ሰው አልቀረም።