ሳህኗን የለየሁት እኔ ነኝ

ፖሊሶች ከአውቶቡስ ያወረዱኝ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፌ ረቂቅና መናኸሪያ ተበትኖ ያነሳሁት አንድ የተቃውሞ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ገና አንብቤ አልጨረስኩትም ነበር።

የታሰርንበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ከቤተሰብ የሚገባው ምግብ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጥና ጠያቂ ያላትም የሌላትም እኩል ትበላለች። ደንቡን የምታስከብረው ካቦዋ፣ ከእስረኞቹ መሃል የክፍሉ አለቃ የሆነችው ሴት ነበረች።

ጥግ ላይ ከአጣዬ አካባቢ የመጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር፤ እሱ ሲታጣ እሳቸውን አመጡ። ለዓመታት ሱረት፣ የትምባሆ ዱቄት፣ ከከንፈራቸው ሥር ይይዙ ነበር። ምላሳቸው ቀኝ ጎን ላይ ጠርዙ የደነደነ፣ ወራት ያስቆጠረ ቁስል አለ። ሲናገሩ ይሸታል።

ካቦዋ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የተማርሽው፣ ይሄ ነገር ይጋባል?»

የማጠናው የአፍ ካንሰርን ነው። እንደማይጋባ አውቃለሁ። ግን ሁሉም ያዩኛል፤ ፊቴ ጋለ።

«ሳይመረመር ምንም ማለት አይቻልም» አልኩ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ጥሩ መልስ ነው። እዚያ ክፍል ግን ከምሳ ጀምሮ ለእሳቸው አንዲት የላስቲክ ሳህን ተለየች። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሉ።

አራት ቀን ዝም አልኩ። በአምስተኛው ለምርመራ ስጠራ፣ ሴትዮዋ ሆስፒታል እንዲላኩ መርማሪውን ለመንኩት።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ልጇን ታምጣና ትታከም» አለ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ስመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ?»

«እንዲህ ያለውን ቁስል ነው፣ እማማ። አንቲቦዲ የሚባል ነገር አለ። የታመመውን ሕዋስ ፈልጎ ይይዝና ‹ራስህን አጥፋ› የሚል ምልክት ይሰጠዋል። ሕዋሱም ጎረቤቱን ሳይጎዳ ተሰባብሮ ይሞታል።»

«ታዞ ይሞታል?»

«አንዳንዱ። አንዳንዱ እምቢ ይላል።»

«ወላሂ፣ መርማሪውን አንድ መርፌ ውጊልኝ!» ሳቁ፤ ወዲያው ጉንጫቸውን ያዙ። «ለኔስ ይሆናል?»

«ገና ለሰው አልደረሰም። የምንሞክረው ሕዋሱን ትንሽ ሳህን ውስጥ ለይተን ነው።»

«እሱም ሳህኑ ተለይቶበታላ» አሉ።

ትሪው ሲቀርብ «አይጋባም» አልኩ። ድምፄ አልወጣም፤ ደገምኩት። «ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ምን ዘጋሽ?» አለች ካቦዋ።

ከላስቲኳ ሳህን ቆርሼ ጎረስኩ። ቀጥዬ ለእሳቸው ጠቀለልኩ።

«በግራ በኩል» አሉኝ።

በግራ በኩል አጎረስኳቸው። ከትሪው ተነስታ ወደ እኛ የመጣች አንዲትም ሴት አልነበረችም።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ልጃቸው አለመገኘቱን፣ እሳቸውም ሆስፒታል ሳይደርሱ ማረፋቸውን የነገረችኝ በኋላ የተፈታች የክፍሉ ሴት ናት። እስከ መጨረሻው በዚያች ሳህን ይበሉ እንደነበር የነገረችኝ ግን ጠይቄያት ነው።

ዛሬም ላቦራቶሪ እሠራለሁ። አንቲቦዲው ያጠፋቸውን ሕዋሳት እቆጥራለሁ፤ እምቢ ያሉትንም። ሪፖርት ስጽፍ አሁንም ጠንቃቃ ነኝ። ሰው ፊቴ ቆሞ ሲጠይቀኝ ግን የማውቀውን ወዲያው እናገራለሁ። ለእሳቸው አራት ቀን ዘግይቻለሁ።