ያልቀመስኩት ሾርባ

«እናቴ ከበላች ትቆያለሽ» አለችኝ ሲኞራዋ የተቀጠርኩ ቀን። ካልበሉስ አላልኩም፤ መልሱ ፊቷ ላይ ነበር።

ታይላንዳውያን ናቸው። ባሏ ሮም ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ይሠራል፣ እሷም ቢሮ ትውላለች። እናቷ ባላቸው ሞተውባቸው ከአገራቸው ከመጡ ጀምሮ እህል አልወስድ ብለዋል። ፓስታ ሲቀርብላቸው ሳህኑን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። እኔ ደግሞ የቀድሞዋ አሠሪዬ ሞታ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። የሚፈርምልኝ ካጣሁ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነው። ጊዜው የደርግ ነው። ታናሽ ወንድሜን ከቤታችን ሲወስዱት «እህትህስ የት ናት?» ብለው ጠይቀዋል።

ደብዳቤ እየተከፈተ ስለሚነበብ እህቴ ታሰረ ብላ አትጽፍም። «ታሟል፤ እማዬ በየቀኑ ስንቅ ታደርሳለች፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል» ትላለች። ባዶ ሳህን ማለት በልቷል ማለት ነው። በልቷል ማለት አለ ማለት ነው። እኔም ያን ዓመት በዚያች ባዶ ሳህን ነበር የምኖረው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የካቶሊክ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን ሮም ውስጥ ግዕዝ የሚሰማበት ሌላ ቦታ አላውቅም ነበር። ተንበርክኬ ተሳልኩ፤ የወንድሜን ቁርጥ እስክሰማ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ዓሣም ቢሆን ምላሴን አይነካም አልኩ። እኔ ከያዝኩ እሱም ይተርፋል። እንዲህ ነበር ሒሳቤ።

እንግዲህ ይህን ስለት ይዤ ነው እዚያ ወጥ ቤት የገባሁት።

ሲኞራዋ ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ሳምንት ሙሉ አስተማረችኝ። ዶሮ በኮኮናት ወተት የሚፈላበት ሾርባ ነው፤ የዝንጅብል ዘመድ የሆነ ሥር ይገባበታል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ድንብላልም ከነቅጠሉ። ጠጅ ሳሩን ሳይ ሳቅሁ። እኛ ቤት በዓል ሲደርስ ለጠረኑ ተጎዝጉዞ የምንረግጠው፣ እዚህ በቢላ ጀርባ ተቀጥቅጦ ድስት ይገባል። መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ከዓሣና ከጨው የተጠመቀ ቡናማ ውሃ ነው፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ጠረኑ ኮሪደሩን ይሞላዋል።

«ስንት ማንኪያ ነው?» አልኳት።

«መለኪያ የለውም። ኮምጣጣው፣ ጨዉ፣ ጣፋጩ፣ ቃሪያው ካልተስማሙ ሾርባ አይባልም። ትቀምሻለሽ፣ ታስተካክያለሽ። በቃ።»

አንገቴን ነቀነቅሁ። ስለቴን አልነገርኳትም፤ የማይቀምስ ወጥ ሠሪ ማን ይቀጥራል? ልቤን ያጀገነው አንድ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ጾመኛ ሴት የፋሲካን ዶሮ ስትሠራ አትቀምስም፤ በአፍንጫዋና በዓይኗ ነው የምትለካው። እናቴ አንድም ዓመት አልተበላሸባትም። ነገር ግን እናቴ ያንን ወጥ ዕድሜ ልኳን ሠርታዋለች። እኔ ይህን ሾርባ በወሬም አልሰማሁትም ነበር።

ሲኞራዋ ቢሮ በተመለሰች ቀን ብቻዬን ሠራሁ። አሮጊቷ አንድ ማንኪያ ወሰዱ፣ ማንኪያውን አስቀመጡ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ድስቱ ላይ አጎንብሼ እንፋሎቱን እየሳብኩ ይበቃዋል፣ አይበቃውም ስል፣ ጭልፋውን ሁለት ጊዜ ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሁለቱንም ጊዜ የወንድሜ ፊት ድቅን አለብኝ። እግዚአብሔርን እንዲያ የተለማመጥኩበት ቀን የለም፤ «አንድ ጠብታ ነው» እለዋለሁ፣ መልሼ ደግሞ «አይ፣ ተወው» እላለሁ።

ዞር ስል አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸው ከአገራቸው ቋንቋ ሌላ አያውቁም። ጭልፋውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ቀመሱ። ፊታቸውን ጨፍገግ አድርገው ወደ ጠርሙሱ ጠቆሙኝ። ጨመርኩ። ቀመሱ፣ ደግመው ጠቆሙ። ደግሜ ጨመርኩ። በመጨረሻ ወንበር ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡና ሳህናቸውን ጨረሱ። ባዶውን ሳህን ሲሰጡኝ የእህቴ ደብዳቤ ነው የመጣብኝ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ምላስ ሆኑ፣ እኔ እጅ። ሲኞራዋ ፈረመች፣ ፔርሜሶዬም ታደሰ።

ጣፋጩን ግን ራሴ እቀምሰው ነበር። ሙዝ በኮኮናት ወተት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ስኳርና ቁንጥር ጨው ነው ያለው። ወተት ቢባልም የፍሬ ነው፣ አይከለከልም። የምግቡ ስም በአገራቸው «የመነኮሰችው ሙዝ» ማለት ነው አለችኝ ሲኞራዋ፤ ነጭ ለብሳለችና። እኔና ሙዟ ተገናኘን አልኩ በልቤ። እራት ላይ ጣፋጩ ሲቀርብ ያመሰግኑኛል። ስለ ሾርባው ማንም ምንም አይልም። የሲኞራዋ ባል ብቻ ውሃ ደጋግሞ ይቀዳል። ሰውየው ውሃ ይወዳል ብዬ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የእኛ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው። አስመራ ተወልዳ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች ጓደኛ ነበረችኝ፤ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ሻይ ቤት እንገናኛለን።

«አሎራ፣ እንዲያ ከሆነማ» አለችኝ ጉዱን ስነግራት፣ «ወጥ ቤቷ እሳቸው ናቸዋ። አንቺ ጭልፋ ያዥ ነሽ።»

«ደመወዙን የምቀበለው ግን እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ ቄሱ ጋ ሄደሽ ስለቱን ለምን አታስፈቺም? የእንጀራ ነገር ነው፣ ይፈቱሻል። ከስተሽ እኮ ቀሚሱ ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስለው።»

«ከቀመስኩ የቀበርኩት ይመስለኛል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። ስኒዋን አዙራ አዙራ፣ «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እንግዲያስ ያዢ» አለችኝ።

ስምንት ወር ያዝኩ።

ደብዳቤው የመጣ ቀን ድስቱ እሳት ላይ ነበር። እህቴ ሦስት መስመር ነው የጻፈችው። «እማዬ ስንቁን እንዳለ ይዛ ተመለሰች። ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። እሷ ግን አሁንም በሰዓቱ ተነሥታ ትሠራለች።»

የዚያን ጊዜ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። መርዶ የለም፣ ሬሳ የለም፣ ድንኳን የለም፤ ስንቅ አታምጪ ነው መርዶው። ደብዳቤውን አጥፌ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት። አልጮህኩም። ጠጅ ሳሩን ከድስቱ እየለቀምኩ አወጣሁ። ሁሉንም ካወጣሁ በኋላም ጭልፋዬ ሾርባውን እያሰሰ ነበር፤ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም።

አሮጊቷ ከወንበራቸው ያዩኛል። ተነሥተው ጭልፋውን ተቀበሉኝ፣ ቀዱ፣ በትንፋሻቸው አበረዱት። አልቀመሱትም። ወደ እኔ አፍ አመጡት።

ስለቴ ቁርጡን እስክሰማ ነበር። ሰማሁ። አፌን ከፈትኩ።

ጨው ነው። እንባዬ የገባበት መሰለኝና ተጠራርጌ እንደገና ቀመስኩ። እንባ አይደለም። ዶሮው የለም፣ ኮኮናቱ የለም፣ ሎሚው የለም፤ ጨው ብቻ። የእሳቸው ምላስ በእርጅና ደክሞ ኖሯል ለካ። ስምንት ወር ሙሉ ያንን የጠርሙስ ውሃ እየገለበጥኩ ቤተሰቡን ሳበላ ኖሬያለሁ።

ሲኞራዋ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ያዝኳት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

የምለው ወዲያው ገባት። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «እናቴ ትበላ ነበር» አለች።

«ባልዎስ?»

«እሱማ ውሃ ይጠጣ ነበር።»

ደብዳቤውን አወጣሁ። በጣሊያንኛ ልተርጉምላት ብዬ «ስንቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም በቢሮ ልብሷ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሾርባውን ሠራሁ። ቀመስኩት፤ ልክ ነበር፣ ከዚያ ቤት ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነበር። ለቤተሰቡ በሌላ ዕቃ ቀነስኩና የቀረውን ለአሮጊቷ አስቀመስኳቸው። ፊታቸው ጨፍገግ አለ፣ ወደ ጠርሙሱ ጠቆሙኝ።

ጨመርኩ። ደግመው ጠቆሙ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ከፊታቸው ቆሜ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ።