ዲጋ ላይ የመረቀው አለቃችን

ቢሮአችን ሊዘጋ መሆኑ የተነገረን ቀን አጨበጨብን። ሦስታችንም፣ ከልባችን።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ከሥራችን ልጀምር። ከወለጋ ከተሞች እህልና ፍራፍሬ የሚያስጭን ሰው መኪና የሚያገኝበት፣ ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ደግሞ ጭነት የሚያገኝበት የስልክ መተግበሪያ አለን። ዋናው ድርጅት ያለው አዲስ አበባ ነው። እኛ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ይዘናል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እና እኔ። የእኔ የሥራ መደብ «የኮሚዩኒቲ ኢንጌጅመንት ሊድ» ይባላል። በተግባር ለሹፌሮች እደውላለሁ፤ የማያነሡትን ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞሬ አገኛቸዋለሁ። «ሊድ» የተባልኩት ማንን ስለምመራ እንደሆነ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሰኞ ሰኞ አለቃችን ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ይሰበስበናል። መልካም ሰው ነው፤ ተቆጥቶን አያውቅም። ችግሩ «እንደምን አደራችሁ» ካለ በኋላ አማርኛው ያልቅበታል። «ቲም፣ የዚህ ኳርተር ፎከሳችን ቫልዩ አንሎክ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ሎው ሃንጊንግ ፍሩቱን እንያዝ፣ ከዚያ ስኬል እናደርጋለን» ይለናል። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ፍሬ እንልቀም ማለቱ ነው። በእኛ አገር ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ማንጎ ባለቤቱ ሳይነቃ መንገደኛ እንደሚጨርሰው የነገረው የለም። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ መሐል ላይ ተቆርጦ ሲመለስ «የት ነበርን?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። ያመለጠን ነገር ኖሮ አያውቅማ።

ይህን ሁሉ ግን በጉጉት ነበር የማዳምጠው፤ ማታ ለአባቴ ስለማወራለት። አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ መጣ፣ «ትንሽ ሠርቼ እዛወራለሁ» አለ፣ እናቴን አገኘ፣ ቀረ። አፋን ኦሮሞ በጎጃም ለዛ ስለሚናገር የገበያ ሴቶች ለመሳቅ ሲሉ ብቻ ያቆሙታል። እራት ላይ «ዛሬስ ምን ተባለ?» ይለኛል። እኔ ድምፄን አሳምሬ የአለቃዬን ንግግር በቃሌ እወጣዋለሁ። አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቆም ብሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን ሲያስጨንቅበት የኖረውን ጥያቄ ይጠይቃል። «ማን ምን አደረገ?» እሞክራለሁ፣ እንተባተባለሁ፣ መጨረሻ ላይ ማንም ምንም እንዳላደረገ እንደርስበታለን። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ እንስቃለን። እናቴ «ያ ዋቀዮ! አምላኬ! ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሏት?» ብላ ወጡን ታነሣብናለች።

ያጨበጨብን ሰኞ አለቃችን ከወትሮው ይልቅ ፈገግ ብሎ ነበር። «የነቀምቴን ፉትፕሪንት ራይትሳይዝ እናደርጋለን፤ ቲሙንም ወደ ኒው ኦፖርቹኒቲ ትራንዚሽን እናደርጋለን» አለ። አጨበጨብን። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ያየሁ መሰለኝ፤ ኔትወርኩ ነው ብዬ ተውኩት።

ማታ ለአባቴ በደስታ ነገርኩት።

«ማን ምን አደረገ?» አለ።

«ድርጅቱ...»

«እሺ፣ ድርጅቱ ምን አደረገ?»

«የነቀምቴን... መጠኑን ልክ ሊያደርግ።»

«ነቀምቴ ላይ ድርጅቱ ምን አለው?»

«እኛ አለን።»

አባቴ እንጀራውን አስቀመጠ። «ሊዘጉት ነው፣ ልጄ» አለ። የዚያን ቀን ሳንስቅ በላን።

ነቀምቴን መልቀቅ አልፈልግም ነበር። «ትራንዚሽን» ማለት ወይ አዲስ አበባ መሄድ ወይ ቤት መቀመጥ ነው። አብረውኝ የተማሩት አንድ በአንድ ሄደዋል፤ እዚሁ የሚያስቀረኝ ሥራ ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለዚህም ራሴን እንደ ዕድለኛ እቆጥራለሁ። በማያልቅ ሰላምታ የሚያስረፍደኝን መንገድ እወደዋለሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሬ በአፋን ኦሮሞ ስጨርስ ማንም ዞር ብሎ የማያየኝን ገበያ እወደዋለሁ። ከሁሉም በላይ የአባቴን የእራት ጥያቄ እወደዋለሁ። እሱን ትቼ የምሄድበትን ኦፖርቹኒቲ ላየው እንኳ አልፈለግሁም።

በማግስቱ ለአለቃዬ ደወልኩለት። «ቢሮው ሊዘጋ ነው?»

«እንደዚያ ብለን ባናስቀምጠው ጥሩ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምታስቀምጡት?»

«ሰንሴት እናደርገዋለን።»

ፀሐይ ልትጠልቅብን ነው እንግዲህ። ጨካኝ ሰው ግን አይደለም። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የዲጋ ማንጎ አምራቾችና ነጋዴዎች ማኅበር አብሮን ለመሥራት ከተስማማ የበላዮቹ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ እንደሚችሉ ነገረኝ። «እኔ ራሴ መጥቼ ፒች አደርጋቸዋለሁ» አለ፤ ፊታቸው ቆሜ አሳምናቸዋለሁ ማለቱ ነው። ከቢሮው መዘጋት ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

መጣ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ ስንሄድ መንገድ ላይ አስጠነቀቅኩት። እዚህ አገር ሠርግ በለው፣ ሽምግልና በለው፣ የቀበሌ ስብሰባ በለው፣ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይጀመርም። ሽማግሌው ቆሞ እጁን ዘርግቶ መልካሙን ሁሉ ይመኛል፤ ሰዉ ለእያንዳንዱ ምኞት «ሃ ታኡ» ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። «መጀመሪያ ምርቃት አለ፤ ጠብቅ» አልኩት። «አይስብሬከር ነው፤ ደስ ይላል» አለኝ፤ የስብሰባ ማሟሟቂያ ማለቱ ነው። የገባው መስሎኝ ነበር።

ስብሰባው በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። ማንጎ በየሳጥኑ ተደርድሯል፤ ጥጉ ላይ ያለው መለስለስ ጀምሮ ዝንብ ይዞታል። ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥግ በጥግ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሽማግሌ ለመመረቅ ከዘራቸውን ይዘው ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ አለቃዬ ቀደማቸው። ብድግ አለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ በየሥልጠናው እንደተማረው ሁለት እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ።

«ቪዥናችን አርሶ አደሩን ኢምፓወር ማድረግ ነው!»

ሁሉም እኔን አየኝ። ይህን በአፋን ኦሮሞ ምን ልበለው? በልቤ «ማን ምን አደረገ?» አልኩ። ማንም ምንም አላደረገም። እላዩ ላይ ያለውን ገለባ ሳራግፈው የቀረው ምኞት ብቻ ነው። «ገበሬው ይበርታ» ብዬ ተረጎምኩ።

ከዚያ ባርኔጣው ወለቀ፣ እጁ ሁሉ ተዘረጋ። «ሃ ታኡ!»

የአለቃዬ ፊት በራ። «ኢኮሲስተሙን ኮኔክት እናደርጋለን!»

«አንዱ ከሌላው አይለይ።»

«ሃ ታኡ!»

«ኢምፓክታችንን ስኬል እናደርጋለን!»

«የዘራችሁት ይብዛ።»

«ሃ ታኡ!»

«ግሮውዛችን ሰስተይነብል ይሆናል!»

«ያገኛችሁት ይዝለቅ።»

«ሃ ታኡ! አሜን!» ቤተ ክርስቲያን የለመዱት አሜንም ጨመሩበት። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜያለሁ፤ ማቆምም አልቻልኩ፣ ለማቆምም አልፈለግሁ። ከኋላ አንዲት ወፍራም የማንጎ ነጋዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አለቃዬ ጦፏል። «ቻሌንጁን ሁሉ ወደ ኦፖርቹኒቲ እንቀይራለን!» አለ። «ክፉው ወደ ደግ ይለወጥ» ስል ሴትዮዋ እልል አሉ።

ሲጨርስ አጠገቤ ተቀመጠና በጆሮዬ «እንዲህ ያለ ኢንጌጅመንት አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ሽማግሌው ተነሡ። «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ፣ ቀጠሉም። «እኔ ልመርቅ ስል እንግዳችን ቀደመኝ። ይሁን፤ ልጅ ነው፣ ምርቃቱ ግን የሽማግሌ ነው። ተቀብለናል።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። «አሁን እንግዲህ ወደ ጉዳዩ እንግባ። ለምንድን ነው የመጣችሁት?»

ተረጎምኩለት።

«መረቅኩ?» አለኝ።

«መረቅህ።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ።»

ሕዝቡም በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ፌዝ የለበትም፣ በእርግጥ ሊሰሙት ፈልገዋል። ቢሮአችን፣ የጨለለቂው መንገድ፣ የእራቱ ጥያቄ፣ ሁሉም የዚህ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አፉ ደግሞ ባዶ ነው። ጎንበስ ብዬ «ማን ምን ያደርጋል? እሱን ብቻ ንገራቸው» አልኩት።

ግንባሩን አሻሸ። «መተግበሪያችን...» ብሎ ተወው። «እናንተ...» አለና እንደገና ተወው። ዓይኑ ጥጉ ላይ ካለው ሳጥን ላይ አረፈ።

«ማንጎው ይበሰብስባችኋል አይደል?» አለ። ድምፁ ራሱ ተለወጠብኝ። «መኪና ስለምታጡ። ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ዕቃ አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ግን በደጃችሁ ባዶውን ያልፋል። ሹፌሩ ማንጎ እንዳላችሁ አያውቅም። እናንተም እሱ እንደሚያልፍ አታውቁም። እኛ እናገናኛችኋለን። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ እሱን ቃል በቃል ስተረጉም የመጀመሪያዬ ነበር። ማንም «ሃ ታኡ» አላለም። መጋዘኑ በጉርምርምታ ተሞላ። ወፍራሟ ሴትዮ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሹፌሩ እመጣለሁ ብሎ ቢቀርስ? ማንጎዬን አስፋልት ላይ አስጥቼ ልቆም ነው?» ሌላው ቀጠለ፤ «ኢንተርኔት ሲጠፋስ? የእኔ ስልክ ባለ ቁልፉ ነው፣ እኔስ?»

አለቃዬ «የናንተን ፔይን ፖይንት...» ብሎ ጀመረና አየኝ። ዋጠው። «ሹፌሩ ቢቀር ምን እንደምናደርግ አላሰብንበትም» አለ። «እናስብበታለን። ኢንተርኔት ከሌለ ግን ደውሉ። እሷ ታነሣለች።» ወደ እኔ ጠቆመ። የኮሚዩኒቲ ኢንጌጅመንት ሊድ ማለት ስልክ የምታነሣ ሴት ማለት መሆኑ በዚያ መጋዘን በይፋ ታወቀ። ሰዉም ወዲያው ቁጥሬን ይጠይቀኝ ጀመር።

ሽማግሌው «ባለው ማንጎ እንሞክረው» አሉ። ከዚያ ቆመው ትክክለኛውን ምርቃት መረቁ፤ ለመኪናው፣ ለመንገዱ ሰላም፣ ለማንጎው፣ ለእንግዳው። አለቃዬ አንድ ቃል ሳይገባው እጁን ዘርግቶ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «ሃ ታኡ» ይላል። አንዴ ምኞቱ ሳያልቅ ቀድሞ አለና ሽማግሌው ቆም ብለው ፈገግ አሉለት። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔም ወደድኩት።

ነቀምቴ ስንመለስ ለበላዮቹ የላከውን ሪፖርት አሳየኝ። «ስትሮንግ ስቴክሆልደር አላይንመንት አግኝተናል» ይላል፤ ማኅበሩ ተስማማ ማለቱ ነው። ቀና ብዬ ሳየው ሳቀ። «ምን ላድርግ? እነሱ ሌላ ቋንቋ አይሰሙም» አለኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው አይሱዙ ዲጋ ቆመ። ወፍራሟ ሴትዮ ደወሉልኝና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹብኝ። ሁለተኛው ቀረብን፤ ሴትዮዋ እንደፈሩት አስፋልት ላይ ቆሙ፣ እኔም መናኸሪያ ለመናኸሪያ ሮጬ ሌላ ሹፌር አገኘሁላቸው። ከዚያ ሌሎችም መጡ። ማታ አባቴ «ማን ምን አደረገ?» ሲለኝ አሁን መልስ አለኝ። «ሹፌሩ ማንጎ ጫነ» እለዋለሁ። «አቤት ዓረፍተ ነገር!» ይላል፣ ለሚወደው ተማሪ እንደሚል። ነገር ግን የበላዮቹ ምን እንደወሰኑ ገና አልሰማንም ነበርና፣ ሳቃችን ውስጥ ሁለታችንም ጆሮአችን ስልኩ ላይ ነበር።

አንድ ሰኞ ሦስታችን ስክሪኑ ፊት ተደርድረን ተቀመጥን። አለቃችን መጣ። «እንደምን አደራችሁ» አለ። እንግዲህ ኳርተሩ፣ ቪዥኑ፣ ቫልዩው ሊመጣ ነው ብለን ወገባችንን አስተካከልን።

«ቢሮው አይዘጋም» አለ።

የቀረውን ጠበቅን። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዓይኑ ይርገበገባል፣ ያየናል፣ ይስቃል። የቀረ ነገር የለም። ያለው ይኸው ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀድማ እጇን ዘረጋች፣ እኛም ተከተልን። «ሃ ታኡ!» አልን ሦስታችንም፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ። ከታች ሞባይል ጠጋኙ ምን እንደተመረቀ ሳያውቅ ከሱቁ ሆኖ መለሰልን።

«ሃ ታኡ!»