በቀጋ የተሸሸገችው ቀረሮ

ጫንያለው ከዲጋ ወጣ ብሎ ያለውን ደን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቋል። አባቱ ከጎጃም የመጡ ሰፋሪ ነበሩ፤ እሱ ግን የዛፎቹን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ያውቃል። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣል። በእሱ ቦታ ሰው እንደማይቀጠር ተነግሮታል።

በደኑ ውስጥ የቀረችው ትልቅ የቀረሮ ዛፍ አንዲት ናት። ሌላዋን እሱ ለቅሶ በሄደበት ቀን የጣውላ ሌቦች ጣሏት። ከዚያ ወዲህ በቀረችው ዙሪያ የበቀለውን እሾሃማ ቀጋ መመንጠር ተወ፤ ሐረጉንም በእጁ እየሳበ ግንዷ ላይ አወጣው። በሦስት ክረምት ግንዷ ከዓይን ጠፋ። እሱ ሲሄድ እሾሁ እንዲጠብቃት ብሎ ነበር።

በግንቦት ሊሊሴ የምትባል የደን ባለሙያ ከነቀምት መጣች። በደኑ መሐል የመብራት መስመር ሊያልፍ ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች እንዲተርፉ እሷ ትመዘግባቸዋለች። በእጇ የያዘችው መሣሪያ የማይታይ ጨረር እየላከ፣ ከየግንዱ ነጥሮ የሚመለሰውን ይለቅማል። ሁለት ቀን ይዛው ዞረች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካርታውን አሳየችው። እያንዳንዱ ግንድ አንድ ክብ ሆኗል። ጫንያለው ጣቱን ከጅረቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ወሰደ። የቀረሮዋ ቦታ ባዶ ነው። መስመሩም የተሰመረው በዚያው ላይ ነው።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ዛፍ አለች።»

«መሣሪያው ቁጥቋጦ ነው ያለው፣ ኦቦ ጫንያለው።»

«ሌቦቹም ቁጥቋጦ ነው ብለው አልፈዋታል። ማሽንሽ ከእነሱ አይሻልም?»

ሊሊሴ ፈገግ ልትል ፊቱን አየችና ተወችው። «በአፍ ብጨምራት ቢሮው አይቀበለኝም። ግንዷ ከታየ ግን መልሼ እዞራታለሁ። የሚወስደኝ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«ለአንቺ ከታየች ለሁሉም ታየች።»



ጫንያለው በካርታው ላይ ያለውን መስመር በጣቱ ደግሞ ተከተለው። ከዚያ ገጀራውን አነሣ። የገዛ እጁ ያወጣውን ሐረግ አንድ በአንድ ቆረጠ፤ ቀጋውን ከሥሩ መነጠረ። ክንዱ ደማ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ግራጫው ግንድ እርቃኑን ቆመ። ሊሊሴ ሦስት ጊዜ ዞረችው። በካርታው ላይ ከሁሉም የሚሰፋ ክብ ወጣ፤ መስመሩም ወደ ጎን ዞረ።

ሰኔ ሲያልቅ ካፖርቱንና ፊሽካውን መለሰ። በማግስቱ ዱላውን ይዞ ወደ ቀረሮዋ በሚወስደው አቀበት ሲወጣ ጎረቤቱ ደረሳ አየው።

«ጡረታ ወጣህ ተብሎ አልነበር እንዴ?»

«ጡረታ የወጣው ቀጋው ነው» አለና መንገዱን ቀጠለ።