አባቴ ምሰሶ የሆነ ቀን

ጎረቤቴ እርጥብ ሸራ አጥሯ ላይ ስታሰጣ ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ።

አባቴ እንደ ልማዱ ሹመቱ ተቀይሮ ከጎሬ በበቅሎ ስንጓዝ፣ መጀመሪያ የጭነቱ ጠፍር ተበጠሰ፤ ቀጥሎ የሶር ወንዝ ሞልቶ አላሻግር አለን። ወንዙ ዳር ድንኳን ብንተክል ነፋሱ ምሰሶውን ሰበረው። ሸራው እላያችን ላይ ሊወርድ ሲል አባቴ መሀል ቆሞ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ውሃው በክንዱ ቁልቁል ይወርዳል።

እናቴ ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። «ተመስገን፣ ዛሬስ ቤት ሠሩልኝ!»

«ታገሺ፤ የራሳችን ይኖረናል» አላት፤ እሱ አልሳቀም። እግሩ ሥር ደረቁ ላይ ለተቀመጥኩት ለእኔ፣ ሌላ ቤት ለምን እንደሚያስፈልገን አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ቆርቆሮ የለበሰ የራሴ ቤት አለኝ። ዝናብ ሲጥል ግን ዓይኔ ወደ ወለሉ መሀል ይሄዳል፤ እዚያ የቆመ ሰው የለም።